ሁለተኛዋን ቁጥር ለኢፌዮማ

ለውድ እህቴ ለአሳምፕታ፣

እንደምን ሰንብተሽልኛል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ በመርፌ ይበቃል አለ ወይስ በቢላዋ ነው የተስማማችሁት? ጌሪስ ያ የክረምት ሳል ለቀቀው? ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ ተመስገን ነው። ኮልም ወገቤን ያዘኝ ከማለት በቀር ምንም አልጎደለበትም፤ እሱንም የሚይዘው የግቢው ሣር ማደጉን ሲያይ ብቻ ነው። ዝናቡ እንደምታውቂው ነው፤ እኛን ጥሎ የትም አይሄድም።

ሌላ ሰው ጽፎ ሳያሳጣኝ በፊት እኔው ልናገረውና ይውጣልኝ። በሚያዝያ ወር ለቅሶ ቤት ገብቼ፣ ተሰልፌ፣ አሥራ አንድ ሰው ጨብጬ፣ ለእያንዳንዱም «እግዜር ያጥናችሁ፣ ደግ አባት ነበሩ» ካልኩ በኋላ ቀና ብዬ ሳይ ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ የተኙት ሴትዮ ናቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ይባስ ብሎ ብቻዬን አልነበርኩም፤ ዕጩ ተወዳዳሪዬን አስከትዬ ነበር።

እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገርሽ። ሽማግሌው ጠበቃ ሚስተር ሀኬት ጡረታ ሲወጡ ቢሮውን ከነመዝገቡና ከነእኔ የተረከበችው ኢፌዮማ ንዱካ ናት፣ ናይጄሪያዊቷ። አብረን ከሠራን እነሆ ዘጠኝ ዓመታችን። በአገሯም ጠበቃ ነበረች፤ እዚህ መጥታ ፈተናውን እንደ አዲስ ተቀምጣ አለፈች። ዛሬ በባሊኮሌን እሷን ሳያማክር መሬት የሚሸጥ ሰው የለም። የምትኖረው ወደ ድንጋይ ማውጫው በሚወስደው በካባው መንገድ፣ አዲሶቹ ሰማንያ ቤቶች ዘንድ ነው። መንገዱ ለእግረኛ የሚሆን ጥግ የለውም። እናቶች የሕፃን ጋሪ እየገፉ ድንጋይ ከጫነ መኪና ጋር ይጋፋሉ። አምና አንዷን ጎረቤቷን መኪና ገጭቶ ዳሌዋን ሰበራት። ኢፌዮማ ለአውራጃው ምክር ቤት አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፈች፤ ሁሉንም የተየብኩት እኔ ነኝ። መልሱ ምንጊዜም «በሚመጣው ዓመት» ነው። አሥራ ሁለተኛውን ልታስጽፈኝ ጀመረችና መሀል ላይ ተወችው። «ዲምፕና፣ ይኼ ነገር ደብዳቤው የሚነበብበት ወንበር ላይ ካልተቀመጥኩ አይሆንም» አለችኝ። ለምክር ቤቱ የተወዳደረችው እንዲህ ብላ ነው። አምስት ወንበር፣ አሥራ አንድ ተወዳዳሪ።

እኛ ዘንድ ለምርጫ የቆመ ሰው ለቅሶ መድረስ አለበት፤ ይህን አልረሳሽውም። የአንድ ደንበኛችን አባት ሞተው ልንደርስ በኔ መኪና ወጣን። ቤቱን አላውቀውም፣ ግን ማን ይጠይቃል? መኪና የተደረደረበት ቤት የለቅሶ ቤት ነው ብዬ ዘው አልኩ። ለካ በዚያ መንገድ ላይ የዚያን ዕለት ሁለት ለቅሶ ነበር። እኛ የገባነው ከጎርምሊዎች ቤት ነው። የሞቱት ኑዓላ ጎርምሊ፣ የሽማግሌው የማላኪ ባለቤት ናቸው።

እኔ በጓሮ በር ልሾልክ ስል ኢፌዮማ ከአቶ ማላኪ አጠገብ ወንበር ስባ ቁጭ አለች። በአገሯ ጨብጠው የሚወጡበት ለቅሶ የለም። «እስቲ ስለ እሳቸው ያጫውቱኝ» አለቻቸው። ሽማግሌው ጀመሩ። ኑዓላ ዝይ ስታረባ ዝይዎቹ ከእሷ በቀር ሰው እንደማያስቀርቡ፣ ቄሱን ሳይቀር ነክሰው እንዳሯሯጡ፣ ስድሳ ሁለት ዓመት በትዳር ሲኖሩ አንድ ቀን እንኳ ሻይ በልካቸው ቀድታላቸው እንደማታውቅ። ቤቱ ሁሉ ይስቃል፣ ያለቅሳል። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። ስለ ምርጫ አንዲት ቃል አልወጣትም።

በዚህ መሀል ማን ቢገባ ጥሩ ነው? የአክስታችን የብሪጂድ ልጅ ፊንታን! ሃያ ዓመት በምክር ቤቱ ተቀምጦ እንዳለ ታውቂያለሽ፤ ያ ሰፈር ደግሞ የእሱ ርስት ነው። በአራት ደቂቃ ውስጥ ሠላሳ እጅ ጨብጦ ሲወጣ ሻይ ይዤ አገኘኝ። «ዲምፕና፣ የሥጋ ዘመድሽ እኔ መስሎኝ ነበር። ወይስ በጋዜጣ አስነግረሽ ቀየርሽኝ?» አለኝ በሹክሹክታ። እኔም «ሰው ሞቶ ምርጫ አይወራም፣ ሳንድዊችህን ብላ» ብዬ አሰናበትኩት። ግን አሳምፕታ፣ ፊቴ እንደ ፍም ሆኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤት ለቤት ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ እግሬ እስኪነቃ ዞርኩ። ሰው ሁሉ በሩን ከፍቶ «ድምፃችን ያንቺ ነው፣ ምን ትጠራጠሪያለሽ» ይላታል። እሷ የሕግ ሰው ናትና ቃል የሰጠውን ሁሉ በደብተር ትመዘግባለች። በሁለተኛው ሳምንት ስምንት መቶ ደረሰች። «ተይው፣ እናቴ» አልኳት። «ይኼ ቃል አይደለም፣ የበር ላይ ሰላምታ ነው። ፊንታንንም እንዲሁ ነው የሚሉት፣ ከዚያም በኋላ የሚመጣውን።» አንዲት ባልቴት ብቻ ናት ፊት ለፊት የተናገረቻት፤ «ጥቁርነትሽ ምኔም አይደለም። ጠበቃ መሆንሽ ነው የከበደኝ» አለቻት። ኢፌዮማ እስከ መኪናው ድረስ ሳቋን መግታት አቅቷት ነበር።

በዚያው ሳምንት አቶ ማላኪ ስለ ኑዓላ ኑዛዜ ሊጠይቁ ቢሮ መጡ። ጉዳያቸው አልቆ ኮፍያቸውን ካደረጉ በኋላ፣ «ልጄ፣ ያን ዕለት ቤት ተሳስታችሁ እንደመጣችሁ አውቄአለሁ። ይቺ ዲምፕና ሬሳውን ስታይ ቦርሳዋ እንደጠፋባት ሴት ነበር የሆነችው» አሉ። እኔ ከወረቀቴ ቀና አላልኩም። ቀጠሉና፣ «እንግዲህ እውነቱን ልንገርሽ። በኛ ቤት አንደኛ ቁጥር ከአባቴ ጀምሮ ለፊንታን ቤተሰብ ነው፣ አይነካም። ግን ሁለተኛዬን ማንም ለምኖኝ አያውቅም» አሉና ወጡ።

ካናዳ ውስጥ አንዱ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ትወጣላችሁ አሉ። እኛ ደግሞ እንደ ድሮው አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልን ነው ቁጥር የምንሰጠው። አንደኛ ያልነው ሰው ለወንበር ከሚበቃው በላይ ድምፅ ካገኘ ትርፉ ሁለተኛ ወዳልነው ይሄዳል፤ ከወደቀም እንዲሁ። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ግን ሁሉም ተወዳዳሪ አንደኛውን ሲለምን፣ ሰው ሁለተኛውን ዝም ብሎ ይጥለዋል፣ አንዳንዱም ስሙ ደስ ላለው ይሰጣል። ኢፌዮማ ብዕሯን አስቀምጣ ወደኔ ዞረች። «ዲምፕና፣ እውነቱን ንገሪኝ። አንቺ አንደኛሽን ለማን ነው የምትሰጪው?» ምን ልበላት? ዘጠኝ ዓመት እንጀራዬን የበላሁት ከእሷ ጋር ነው። ግን ፊንታንን ብተው እማማ ከመቃብር ተነሥታ ትመጣለች። «ለፊንታን ነው» አልኳት። አልተቆጣችም። «እንግዲያው ሁለተኛሽን እለምንሻለሁ» አለች። ወዲያው ሰጠኋት። እንዴት ቀለለኝ መሰለሽ።

ከዚያ ቀን በኋላ ደብተሩን ጣለችው። በር ስታንኳኳ፣ «አንደኛዎ የማን እንደሆነ አልጠይቅዎትም፣ ያ የቤትዎ ጉዳይ ነው። ሁለተኛዎን ግን ለካባው መንገድ ይስጡኝ» ትላለች። የሰው ፊት ሲፈታ ማየት ነበረብሽ። መዋሸት አላስፈለጋቸውማ። ሻይ ይግቡ ማለት ጀመሩ። ከስድስት በር አንዱ ጋ ኬክ ቀረበልን፤ ቀሚሴ አልዘጋ ብሎኛል።

ዓርብ ድምፅ ተሰጠ፣ ቅዳሜ በስፖርት አዳራሹ ቆጠራ ተጀመረ። እኔ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ቆጣሪዎቹን ከእኛ የለየው አጥር ላይ ተደግፌ፣ እርሳስ ይዤ፣ ወረቀት ሲገለጥ እያየሁ እቆጥር ነበር። የመጀመሪያው ዙር ሲነገር ፊንታን በሩቅ አንደኛ ወጣ፤ ኢፌዮማ ሰባተኛ። እርሳሴን ኪሴ ከተትኩ። እሷ ግን ፖም እየበላች፣ «ገና ነው» አለችኝ። ከዚያ የፊንታንን ትርፍ ድምፅ ለማደል ክምሩን ገለጡት። አሳምፕታ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። አንደኛ ፊንታን፣ ሁለተኛ ኢፌዮማ። አንደኛ ፊንታን፣ ሁለተኛ ኢፌዮማ። ከተራራው ወዲያ፣ በነአቶ ማላኪ ሰፈር ካሉት የምርጫ ሣጥኖች የወጣው ወረቀት ሁሉ አንድ እጅ የጻፈው ይመስል ነበር። ከሰባተኛ ወደ አምስተኛ ወጣች። እሑድ ሙሉ ቀን የቀሩት እየወደቁ፣ የእነሱም ድምፅ እየተከፋፈለ፣ አምስተኛው ወንበር ላይ እሷና አንድ የከብት ነጋዴ ብቻ ቀሩ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በአሥራ አራት ድምፅ አለፈች። ባለቤቷ ቹኩዲ እንደ ልጅ ወደ ላይ አነሣት። እኔ አላለቀስኩም፤ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነው።

ፊንታን እጁን ኪሱ ከትቶ መጣ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። «ስሚ እንጂ፣ በእኔ ቤት በር ገብተሽ በመስኮት ወንበር ይዘሽ ወጣሽ እኮ» አላት ኢፌዮማን። እሷም እጁን ይዛ አልለቀቀችውም። «ፊንታን፣ ወንበሩ ብቻውን ምን ያደርግልኛል? የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የካባውን መንገድ ጉዳይ አቀርባለሁ። ከተቀመጡት አባላት አንዱ ካልደገፈኝ ለውይይት እንኳ አይቀርብም። አንተ ደግፈኝ» አለችው። ፊንታን ጆሮውን አከከ። ያ መንገድ ከተሠራ የእሱ ሰፈር ድልድይ ወረፋው ይዘገያል፤ ያን ሁላችንም እናውቃለን። «ላስብበት» ብሎ ሄደ።

ትናንት ከገበያ ስመለስ ታዲያ ምን አየሁ? ፊንታን መኪናውን ጥሎ፣ በዚያ በሚያምር ጫማው፣ በካባው መንገድ ዳር ብቻውን ይራመዳል። ድንጋይ የጫነ መኪና ሲመጣበት ዘሎ ቦዩ ውስጥ ገባ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ወጣ። እኔ መኪናዬን አቁሜ እንዳላየ ሰው ራዲዮ እያዳመጥኩ ነበር። ወደ ቤቱ የሚመለስ መስሎኝ ነበር፤ አልተመለሰም። ሱሪውን ጠረግ አድርጎ እስከ መጨረሻው ቤት ድረስ በእግሩ ሄደ።

ጌሪን ሳሉን እንዲታከም ንገሪልኝ፣ ሰላምታዬም ይድረሰው። ዲክላንን ከነባለቤቱ፣ ትንሿን ሮሽንን፣ አራስ ቤት ያለችውን ኦርላንም ሳሚልኝ፤ ለሕፃኑ የሠራሁት ሹራብ በዚህ ሳምንት ፖስታ ቤት ይገባል። ኮልም ሰላም ብሎሻል፤ ሣሩ ግን አሁንም አልታጨደም። ኢፌዮማም ስለ ጉልበትሽ ጠይቃለች።

ስብሰባው የፊታችን ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሕዝብ በሚቀመጥበት በፊተኛው ወንበር ላይ ልቀመጥ ተዘጋጅቻለሁ። የአክስታችን ልጅ እጁን ቢያነሣም ባያነሣም፣ ቤቴ ሳልደርስ መኪናው ውስጥ ሆኜ እጽፍልሻለሁ።

የምትወድሽ እህትሽ ዲምፕና

ባሊኮሌን፣ ረቡዕ፣ ጁን 12