ትንፋሽዎ ይለቅ

ቂርያት ጋት፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2025

ለውዷ ልጄ ለብዙዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ የሆዴ ልጅ? የሆላንድ ብርድ በረታብሽ ወይ? እኛ የእስራኤል አምላክ ይመስገን አለን። ወንድምሽ አሳፍም ካርሜ ጋት ሰፈር አዲሱ ቤት ገብቷል።

አባትሽን ሳሉ አልለቀው ቢለው ባለፈው ሳምንት ኩፓት ሆሊም ሐኪም ቤት ሄደ። እኔን እግሬን አሞኝ ስለነበር የአሳፍ ልጅ ሆዳያ ልትተረጉምለት አብራው ገባች። ሳንባ የሚለካ ቱቦ አፉ ላይ ያደርጉለታል፤ አየር ስቦ እስከ መጨረሻው ማውጣት ነው። ነርሷ በዕብራይስጥ ስትነግራት፣ ሆዳያ ባላት አማርኛ ጮክ ብላ «አባባ፣ ትንፋሽዎ ይለቅ! ይለቅ!» አለችው።

ታውቂያለሽ፣ እኛ ዘንድ የሰው ትንፋሽ አለቀ ከተባለ ቀጥሎ ያለው ለቅሶ ነው። ቱቦውን አስቀምጦ ወጣ። «የገዛ የልጅ ልጄ ረገመችኝ» እያለ ቤት ገባ። ልጅቱ ከኋላው «እማማ፣ ምን አጠፋሁ?» ብላ ታለቅሳለች።

«ይልቀቁ» ልትል ፈልጋ እንጂ እርግማን አለመሆኑን ነግሬው ገባው። ፍርሃቱ ግን አልወጣለትም። ከዚያ ወዲህ ትንፋሹን ይቆጥባል። ቃሉን ያሳጥራል። ሻይ ሲፋጅ እንኳ እፍ አይልም፤ እስኪበርድ ቁጭ ብሎ ያየዋል። እኔም እሱን እያየሁ ሳላውቀው ትንፋሼን እይዛለሁ።

ትናንት እግሬን እየጎተትሁ ራሴ ወሰድሁት። ሆዳያም መጣች፤ ጉልበቱን ስማ ታረቁ። ቱቦውን ይዞ አፉ ላይ ሳያደርገው ቆየ።

«ማለደ፣» አልሁት፣ «እህል ተሸክመህ ዳገቱን ወጥተህ ስታወርደው እንደምትለው፣ እፎይ በል።»

ዓይኑን ጨፍኖ ለቀቀው። ነርሷ በእጇ ጨምር፣ ጨምር ትላለች። መልሶ እስኪስብ ድረስ ልቤ ቆመች። ሳበ። «አላለቀም» ብሎኝ ሳቀ፤ ሳቁም ሳል ሆነ።

ከዚያ ሐኪሙ እሱን ውጭ አስቀምጦ እኔንና ሆዳያን ጠራን። ብዙ ተናገረ። ሆዳያ ግማሹን ነገረችኝ። የቀረውን «አማርኛው ጠፋኝ» አለች። እኔም አልጠየቅኋት። ለአባትሽ መድኃኒት አዘዙልህ አልነው።

ብዙዬ፣ ለኅዳር፣ ለሲግድ በዓል እመጣለሁ ያልሽውን ለፋሲካ ብታደርጊው ምን ይመስልሻል? ቀደም ብሎም ቢመችሽ መልካም ነው። እንዲያው ናፍቆት ነው። ስትደውዪለት ጻፈችልኝ አትበዪው።

የአባቶቻችን አምላክ መውጣት መግባትሽን ይጠብቅ፤ በሰላም ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እናትሽ ሸጋዬ