የልጁን ገጽ አይተው ድረ ገጹን ላጸደቁት ሥራ አስኪያጃችን

ለተከበሩ የዓይን ክሊኒካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

እንደምን ሰነበቱልን? ከቀጠሮ ክፍሏ ትንሽ መስኮት ጀርባ ሆኜ ጤናዎን፣ ይልቁንም የዓይንዎን ጤና፣ አጥብቄ እመኛለሁ። እኛ አፍጥጠን ያላየነውን እርስዎ ከቢሮዎ ሳይነሱ ስለሚያዩልን፣ እንዲህ ያለው ዓይን እንዳይጎዳብን የማይጸልይ ሠራተኛ የለም። ይህን ደብዳቤ በሠራተኞች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ደፍሬ ሳይሆን፣ ጸሐፊዎ "አንቺን እንዳላስገባ ታዝዣለሁ" ብላ በሩን ስለያዘችብኝ ነው።

ምስጋናዬ ይቅደም። የክሊኒኩን ድረ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ ከመቀጠሩ በፊት ሥራውን እንድገመግም እኔን ስለመረጡ ውለታዎን በምን እከፍላለሁ? ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ስለምቀመጥ ብቻ የኮምፒውተር ዐዋቂ አድርገው የጣሉብኝ እምነት ትከሻዬን አጉብጦታል። ባለሙያው የባለቤትዎ የእህት ልጅ መሆኑን የነገሩኝ ከሾሙኝ በኋላ ነው፤ አስቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ያን ሰሞን አሞኛል ብዬ ከቤት አልወጣም ነበር።

"ገጹን አይቼዋለሁ፤ ብሩህ ነው፤ ቅንነቱንም ከእናቱ ነው የወረሰው" ሲሉኝ፣ ድረ ገጽ ከእናቱ እንዴት እንደሚወርስ ግራ ገባኝ። በማግስቱ "ለመሆኑ ሥራው በየት ነው የሚከፈተው?" ብለው ሲጠይቁኝ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ፤ ለካስ ያዩት የልጁን ፊት ኖሯል! ስለ ፊቱ ከሆነ እኔም አልክድም፣ ልጁ ሳቂታና የሚወደድ ነው። ሥራውን ግን ከፍቼ ስላየሁት የታዘብኩትን በትእዛዝዎ መሠረት አቀርባለሁ፦

፩ኛ. ናሙና ብሎ ያሳየን ሥራዎች በሙሉ ቀለሙ ብቻ የተቀያየረ አንድ ገጽ ናቸው። በቤት ዕቃ መሸጫው ገጽ ላይ፣ ከሶፋው ፎቶግራፍ ሥር፣ "ጫጩቶቻችን በሙሉ የተከተቡ ናቸው" ይላል፤ ከዶሮ እርባታው ገጽ ሲገለብጥ ረስቶት ነው። ለባለ ሱቁ ደውዬ ስለ ልጁ ሥራ ብጠይቃቸው፣ "ካገኘሽው አደራ፣ ስልኬን እንዲያነሳ ንገሪልኝ" አሉኝ። ይህንን ሳቀርብልዎ "ልጅ ነው፣ እየሠራ ይማራል" አሉ። በታካሚዎቻችን ላይ እንዲማር የፈቀዱለት ሆደ ሰፊነትዎ እጅግ አስገርሞኛል።

፪ኛ. ለእኛ የሠራው ገጽ ፊደሉ የጉንዳን እግር ያህላል፤ እርሱም በነጭ ላይ በነጣ ግራጫ የተጻፈ ነው። ያንን ማንበብ የሚችል ሰው ወደ ዓይን ክሊኒክ ምን ሊያደርግ ይመጣል? ልጁ "ዘመናዊ አሠራር ነው" አለ፣ እርስዎም በአዎንታ ራስዎን ነቀነቁ።

፫ኛ. ይህኛው ለቀልድ አይመችም። "ቀጠሮ ይያዙ" የሚለውን የነካ ሁሉ ቀን ይሰጠውና "ቀጠሮዎ ተይዟል፤ እናመሰግናለን" ይባላል። ለሙከራ በራሴ ስም ያዝኩ፤ እኔ ዘንድ የደረሰ ነገር የለም፤ ሐኪሙም ዘንድ የለም። ጥያቄው የት እንደሚሄድ ልጁን ብጠይቀው "ሲስተም ውስጥ ይገባል" አለኝ፤ ሲስተሙ የት እንዳለ ስጠይቀው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። የዓይን ግፊት ያለበት ሰው ሕክምናው ሲዘገይበት የሚያጣው ብርሃን እንደማይመለስ ኮሪደራችን ላይ የሰቀልነው ፖስተር ራሱ ይናገራል። እርስዎ ግን እኔ ሳልፈርም ገጹን ለሕዝብ ከፈቱት።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ልብስ ሰፊ እናት "ተይዟል ብሎኛል እኮ፣ ልጄ" እያሉ ስልካቸውን በመስኮቴ መስታወት ላይ ለጠፉት። ሐኪማችንን ብለምነው በምሳ ሰዓቱ አያቸው። ሌላ ሰው እንዲህ ላመጣበት እንደማልችልም ነገረኝ፤ እውነቱን ነው፣ ሰውየው ደክሞታል። ከዚያ ወዲህ የበሩ ድምፅ በተሰማ ቁጥር እደነግጣለሁ።

አሁን ደግሞ "ገምግሜ ተስማምቻለሁ" በሚለው ወረቀት ላይ እንድፈርም ያዝዙኛል። ካልፈረምኩ ምቀኛ ነኝ፤ ከፈረምኩ ጥፋቱ የእኔ ነው። ወደ ካርድ ክፍል እንዲያዛውሩኝ ብለምን "ገምጋሚዋ ግምገማውን ሳትጨርስ ወዴት?" ተባልኩ። ቤቴ ስገባ ባለቤቴ "ፈርመሽ አትገላገይም እንዴ? ከሥራ ብትባረሪ ምን ልንሆን ነው?" ይለኛል፤ አልፈርድበትም። ከመስታወቱ ወዲያ ሕመምተኛው፣ ከመስታወቱ ወዲህ እርስዎ፣ መሃል ላይ እኔ። ጨንቆኛል። ይህ በአክብሮት ቃል እንዴት እንደሚጻፍ ስለማላውቅ እንዳለ ጻፍኩት።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ የባለቤትዎ የእህት ልጅ አንድ ጠዋት እኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ያ ብሩህ ገጹ ከመስታወቱ ወዲያ ለቆሙት ሰዎች ምን እንደሚፈይድ እንዲያሳየን ነው። ፊርማዬን በተመለከተ ግን አልፈርምም።

ሳልጠይቅ በሰጡኝ ሹመት እየተንቀጠቀጥኩ፣ ከወንበርዎ ከፍታ የተነሳ ድምፄ እንደማይደርስዎ እያወቅሁ፣ ዘወትር እጅ የምነሳዎ፣

የቀጠሮ ክፍል ሠራተኛና በግዴታ የድረ ገጽ ገምጋሚ

ማስታወሻ፦ ይህን ከለጠፍኩት በኋላ በእጄ የጨመርኩት ነው። ወላጅ እናትዎ ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል። የዓይን ጠብታቸው ካለቀ ሰንብቷል፤ "ልጄን በሥራው መሃል አላስቸግረውም" ብለው በጎረቤታቸው ስልክ ቀጠሮ አስይዘው፣ ገጹ የሰጣቸውን ቀን በትዕግሥት ሲጠብቁ ኖረዋል። ሐኪሙ ዛሬ ቀዶ ሕክምና ላይ ነው፤ ለሌላ ሰው እንዳልለምነው ደግሞ ነግሮኛል። ገጹ ከመከፈቱ በፊት ያየው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ከእርስዎ አፍ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ። ወደ እርሳቸው ሲወርዱ እባክዎ ከሩቁ ድምፅዎን ያሰሙ፤ ማን እንደመጣ መለየት ተስኗቸዋል።