ግንባሬ ላይ የቀባሽኝ ጥቀርሻ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ ኡሙልኸይር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ጋሼ እንድሪስ ደህና ናቸው? የቆቦ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል፣ ዝናብ ጠብ አለ ወይስ አሁንም ሰማይ ሰማዩን ታያላችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ነቀምቴ ጭቃው ጫማዬን ሊጨርሰው ነው። ገበያ ስወጣ ግን የአያታችንን የኦሮምኛ ቃላት ከማላውቃቸው ሴቶች አፍ እሰማና ዘንቢሌን ይዤ እንደ ሞኝ ቆሜ እቀራለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መይሙና ከዒድ በኋላ በቀበሌው አዳራሽ በሚደረገው የቆነጃጅት ውድድር ካልገባሁ ብላ እንዳስቸገረችሽ፣ ጋሼ እንድሪስም እናቷ ከፈቀደች እኔ አልከለክልም እንዳሉ ጽፈሻል። ቀጥለሽ ደግሞ፣ እህቴን አዋርጃለሁ፣ በልጄ አልደግመውም ብለሻል። እዚህ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ አለቀስሁ። እትዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ይህን ተሸክመሽ ነው የኖርሽው?

ያን ጊዜ እኔ የመይሙና እኩያ ነበርሁ። የወጣት ማኅበሩ ሰዎች ቁንጅና የሚለው ቃል አድኃሪ እንዳያስብላቸው ፈርተው ማስታወቂያው ላይ የባህል ልብስ ትርኢት ብለው ጻፉ፤ ከዋጃ እስከ ሮቢት ያለው ሰው ግን የቆንጆ ውድድር ነው ሲል ሰነበተ። እኔ ስሜ ሲጠራ አቤት ለማለት እንኳ ድምፅ የሚያጥረኝ ልጅ ነበርሁ፤ ያስመዘገብሽኝ አንቺ ነሽ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽና እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ታስኬጂኝ ነበር። አንገቴን ስደፋ፣ መሬት ላይ የጠፋብሽ ነገር አለ ወይ ትይኛለሽ። ዛሬም አንገቴን ደፍቼ ስሄድ ያ ድምፅሽ ይመጣብኛል።

የዕለቱ ዕለት የሠርግ ቀሚስሽን በልኬ አጥብበሽ አለበስሽኝ፤ ድሪሽን አንገቴ ላይ አሰርሽልኝ። ራቅ ብለሽ አየሽኝና ድንገት ፊትሽ ተለወጠ። ወደ ጓዳ ገባሽ፤ ስትመለሺ አውራ ጣትሽ ላይ የድስት ጥቀርሻ ነበር። የሰው ዓይን እንዳይበላሽ ብለሽ ግንባሬን መሀል ለመሀል ለቀለቅሽኝ። የሚቀባው ለሕፃን ነው፤ አንቺ ግን ማደጌን ረስተሽው ነበር። በሻሽ ሸፍነነው ሄድን። አዳራሹ በር ላይ ጸጉር ይታይ ተባለና ሻሹን አስወለቁኝ።

ከሩቅ የመጡት ባለ ሱፍ ዳኛ ጠጋ ብለው አዩኝና፣ ቆቦ ውሃ ጠፍቷል ወይ፣ ግንባርሽን ምን ነካው ሲሉ ጠየቁኝ። አዳራሹ ሙሉ አውካካ። አንቺን በዓይኔ ፈለግሁ፤ ትንሿን መይሙናን ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ ፊትሽን በነጠላሽ ሸፍነሻል። አንቺ ስትሸማቀቂ ማየቴ አናደደኝ መሰል፣ ሲያጥረኝ የኖረው ድምፅ ከየት እንደመጣ እንጃ። ጥቀርሻ ነው፣ የቀባችኝ እህቴ ናት አልኋቸው። በአገራችን ጥቀርሻ የሚቀባው ቆንጆ ነው፣ ስለዚህ እህቴ ከእናንተ በፊት ፈርዳለች አልሁ። ጎረቤታችን እማማ ጥሩወርቅ እልልታውን ለቀቁት፤ አዳራሹም ተቀበላቸው።

ያሸነፈችው የጎብዬዋ አስረሳሽ ነበረች። እውነትም ታምር ነበር፣ አልቀናሁባትም፤ ማለቴ ብዙ አልቀናሁባትም። እኔ ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ከፊቴ ፈጠን ብለሽ ሄድሽ፤ ቤት ስንደርስ በነጠላሽ ጫፍ ግንባሬን ጠረግሽው። እኔ በሰው ፊት በመናገሬ የተቆጣሽ መስሎኝ ነበር። ለካ አንቺ እልልታውን የማጽናኛ አድርገሽ ቆጥረሽው ኖሮ ነው።

እትዬ፣ እኔ ሰው የሆንሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ እጄን ማውጣት ጀመርሁ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የአባታችንን እኩዮች ፊደል አስቆጠርሁ። እዚህ መምህር ሆኜ መጀመሪያ ክፍል የገባሁ ዕለት ያ ሁሉ ተማሪ ሲያፈጥብኝ ሳላስበው ግንባሬን ዳሰስሁና ስሜን ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። ያ ቀን እንዴት እንደሚናፍቀኝ! ከእግሬ ሥር የሚንሸራተተው አሸዋ፣ የድሪሽ ድምፅ፣ ሳጥን ውስጥ የከረመው ቀሚስሽ ሽታ፣ ሁሉም ይናፍቀኛል።

ስለዚህ መይሙና ትግባ። ታሸንፋለች ብዬ አይደለም፤ የአባቷን አፍንጫ ነው የወሰደችው፣ ጋሼ እንድሪስ ይቅር ይበሉኝ።

ለጋሼ እንድሪስ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትንሹን ልጅሽን አባይን ጉንጩን ሳሚልኝ። እማማ ጥሩወርቅን ጉሮሯቸውን ከአሁኑ ያዘጋጁ በይልኝ። መጪውን ረመዳን አላህ በሰላም ያስጨርሳችሁ። ለመይሙና የእኔን ሻሽ ልኬላታለሁ፣ ግን በር ላይ ታውልቀው። ጥቀርሻውንም አትርሺባት፤ ከጆሮዋ ጀርባ አትደብቂው፣ እኔን የቀባሽኝ ቦታ ላይ ቀቢያት።

ጥቀርሻሽ ያልለቀቃት እህትሽ
ራቢዓ

ነቀምቴ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.