ዓይናቸውን ትተው ሚዛን ያመኑት የአቶ ኦሪን ሃልቨርሰን የሕይወት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1948 የማርች በረዶ ገና ከጣሪያ ላይ ሳይወርድ፣ በሞንታና ግዛት በሃርላን ክሪክ፣ ከአባታቸው ከአቶ ኒልስ ሃልቨርሰንና ከእናታቸው ከወይዘሮ አጋታ ብሩን አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። ስሙንም ኦሪን አሉት።

አቶ ኦሪን፣ ይህን ታሪክ ካዘጋጀችው ከታናሽ እኅታቸው ከማርጊት ጋር በአባታቸው የከብት እርባታ አደጉ። ትምህርታቸውንም በዚሁ በከተማቸው ተከታተሉ። ለትምህርት ብዙ ፍቅር እንዳልነበራቸው ዛሬ መደበቅ አያስፈልግም፤ በተለይ ሒሳብ ደመኛቸው ነበር። በ1967 ሁለተኛ ደረጃን እንዳጠናቀቁ የግንድ ጫኝ መኪና ሹፌር ሆነው ተቀጠሩ፤ እስከ ጡረታቸውም ድረስ በዚሁ ሥራ አገልግለዋል።

በወጣትነታቸው ምንም ነገር ለክተው አያውቁም። ግንድ ሲጭኑም፣ ወጥ ሲሠሩም፣ አጥር ሲያጥሩም «ዓይኔ ይበቃኛል» ይሉ ነበር። ያጠሩት አጥር ዛሬም እንደ ሰከረ ሰው ተወላግዶ ቆሟል፤ ወደ መቃብሩ ስንሄድ በስተግራ ታዩታላችሁ።

በ1973 ከወይዘሮ ሎርና ስታም ጋር በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ1976ም አንዲት ልጃቸውን ጆሊንን ወለዱ።

ጆሊን አሥራ ሁለት ዓመት በሞላት በኖቬምበር 1988 አባትና ልጅ አጋዘን አደን ወጡ። አቶ ኦሪን በኪሳቸው የያዙት ጥይት ካለፉት ዓመታት ከየካርቶኑ የተራረፈ፣ የተቀላቀለ ነበር። ርቀቱንም እንደ ልማዳቸው በዓይናቸው ገምተው ተኮሱ። አጋዘኑ ቆሰለ እንጂ አልወደቀም፤ ጫካ ገባ። ሲያቃስት ይሰሙታል፣ ግን እስኪመሽ ቢፈልጉት አላገኙትም። ወደ ቤት ሲመለሱ ልጅቱ መኪናው ውስጥ፣

«አባዬ፣ አሁንም እያመመው ነው?» አለቻቸው።

 አቶ ኦሪን የቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ «ሁለተኛ እንዲህ አይሆንም። ቃሌ ነው» አሏት። ጆሊን ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ጠመንጃ ነክታ አታውቅም።

ቃላቸውን ለመጠበቅ ጥይታቸውን ራሳቸው ለመሥራት ቆረጡ። የተተኮሰ ቀለሃ ሰብስቦ፣ ባሩድ መዝኖ፣ አረር ተክሎ መልሶ መሙላት በአገራችን የተለመደ ነው፤ በእጅ የተሠራ ጥይት አንዱ ከአንዱ እኩል ከሆነ የሚያርፍበት ቦታም እኩል ይሆናል። አቶ ኦሪን ግን እንደ ጀማሪ ሁሉ ከመጨረሻው ጀመሩ፤ አረሩን ቀለሃው ላይ የሚተክለውን ትልቁን መጫኛ ገዙ። ጎረቤታቸውና የልብ ወዳጃቸው፣ ብረት በቶርኖ የሚቀርጹት አቶ ኤምሪ ቮስ ሊያዩ መጡ።

«ጎሽ፣ መጫኛውን ገዝተሃል። ባሩዱን በምን ልትመዝን ነው?»

«ማንኪያ አብሮ መጥቶልኛል።»

«ማንኪያ! ስኳር ልታማስል ነው እንዴ? አንተ ሰውዬ፣ ጀማሪ መጀመሪያ የሚገዛው መለኪያ ነው። መጫኛ ጉልበት እንጂ ጭንቅላት የለውም፤ ስሕተትህን አጥብቆ ይጭንልሃል።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና፣ አቶ ኦሪን ተመልሰው ሄደው በባትሪ የሚሠራ ሚዛን ገዙ። ያስቀመጡት ግን ከማሞቂያው ማራገቢያ አጠገብ ነበር፤ ምንም ሳይጫንበት ቁጥሩ ከፍና ዝቅ ይላል። ወይዘሮ ሎርና «ሐሳቡን መቁረጥ አቅቶታል፤ ካንተ ጋር በደንብ ትግባባላችሁ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ያንን ትተው ክንዱ እንደ ገበያ ሚዛን የሚወዛወዝ፣ ባትሪ የማይፈልግ ሚዛን አመጡ። ያኔም ቢሆን አቶ ኤምሪ «ሚዛኑንስ ማን መዘነው?» ብለው ጠየቁና ክብደቷ የታወቀ ትንሽ የሚዛን ድንጋይ ሰጧቸው። አቶ ኦሪን እንዳትጠፋባቸው ከትምባሆው ጋር ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት። በሁለተኛው ሳምንት አቶ ኤምሪ አይተው ጮኹ፦

«ላብና ትምባሆ የለበሰ ድንጋይ ውሸታም ነው! በመቆንጠጫ ነው የሚነሣው፣ በጣት አይነካም!»

የርዝመት መለኪያውም ነገር እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ የገዙት የፕላስቲክ ካሊፐር ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነባቸውና በብረት ለወጡት። ከዚያም አንድ ሙሉ ክረምት ጥይቶቻቸውን ከቀለሃው ቂጥ እስከ አረሩ ጫፍ እየለኩ፣ ልኩ አልገናኝ እያላቸው፣ እየፈቱና እየገጠሙ ቆዩ። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት አጡ። በመጨረሻ አፍረው ጠየቁ።

«ጫፉን ተወው እባክህ!» አሉ አቶ ኤምሪ። «ጫፉ እንደ ሕፃን ጥርስ ነው፣ አንዱ ካንዱ አይገጥምም። የጠመንጃው በርሜል ከውስጥ መጀመሪያ የሚነካው የአረሩን ትከሻ፣ ወደ ጫፉ መጥበብ የሚጀምርበትን ነው፤ ትከሻውን ለካ።» ካሊፐሩ ላይ የምትታሰር፣ ቀዳዳዋ የአረሩን ትከሻ የምትይዝ ቁራጭ ብረትም ሠርተው ሰጧቸው። በዚያ ጸደይ የአቶ ኦሪን ጥይቶች ዒላማው ወረቀት ላይ አንዲት ሳንቲም በምትሸፍነው ቦታ አረፉ። ወይዘሮ ሎርና ያንን ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈውት ነበር።

ከዚያ ወዲህ አቶ ኦሪን ሌላ ሰው ሆኑ። ርቀቱን ለክተው እርግጠኛ ካልሆኑ አይተኩሱም ነበርና በብዙ ዓመት ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። «ኦሪን ለአጋዘን ሊጸልይ ነው የሚወጣው» ተብሎም ተተርቦባቸዋል። ጥይት መሥራት ለመጀመር ወደ እሳቸው የመጣ ሰው ሁሉ «መጀመሪያ ሚዛን፣ ቀጥሎ የሚዛን ድንጋይ፣ ቀጥሎ ካሊፐር፤ መጫኛውን በኋላ እናየዋለን» የሚለውን ሳይሰማ አልሄደም።

በ2011 ወይዘሮ ሎርና በካንሰር ታመሙ። አቶ ኦሪን በየሳምንቱ ሰውነታቸውን ይመዝኑላቸው ነበር። ሚዛኑ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ነው ብለው ተጠራጥረው ሌላ ገዙ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ሰጡ፤ ያም ቁጥር ወይዘሮ ሎርና እስካረፉ ድረስ በየሳምንቱ እያነሰ ሄደ። ወንድሜ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው ሲስቁ አላየንም። የሚያምኑት ነገር ሁሉ እውነቱን ነገራቸው፤ እውነቱ ግን ምንም አልጠቀማቸውም።

ከ2020 ጀምሮ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባሩዱን ለመመዘን ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ብዙ ይቀመጡ ነበር። ጥይቱ እኩል እንደሆነ ያውቃሉ፤ የቀረው ስሕተት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ይህንንም ለአቶ ኤምሪ በግልጽ ነግረዋቸዋል።

ባለፈው ኖቬምበር የመጨረሻ ነው ብለው የአደን ፈቃድ አወጡ። አቶ ኤምሪ ለምስጋና በዓል ልጃቸው ዘንድ ሄደው ስለነበር ብቻቸውን ወጡ። ግንድ ላይ ተደግፈው፣ ርቀቱን ለክተው፣ አንድ ጥይት ተኮሱ። አጋዘኑ ነጥሮ ጫካ ገባ። በረዶው ላይ ደም አልነበረም። ወዲያው አዲስ በረዶ መጣል ጀመረና ዱካውንም ሸፈነው። እስኪመሽ ፈለጉት፤ በማግሥቱም ወጡ፤ ከዚያ ወዲያም ወጡ። ስፖካን የምትኖረው ጆሊን በስልክ ተቆጣቻቸው፦

«አባዬ፣ በቃህ! አንድ አውሬ ነው። ቤትህ ግባና ልብስህን ቀይር!»

«የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ» አሏት። «መልሱን እስካሁን አላገኘሁም።»

ብርዱ ሳንባቸው ገባ። ሆስፒታል ሲገቡ ጆሊን መጥታ አጠገባቸው ነበረች። ትኩሳቱ ሲበረታባቸው እጇን ይዘው ደጋግመው የሚጠይቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አሁንም እያመመው ይሆን?» እሷም ግንባራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ታብስላቸው ነበር። አቶ ኦሪን ሃልቨርሰን ቃላቸውን እንዳፈረሱ አምነው፣ ዲሴምበር 3 ቀን 2022 በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

በማግሥቱ አቶ ኤምሪ ወደ ጫካው ወጡ። ቁራዎች ሲያንዣብቡ አይተው ተከተሉ። አጋዘኑ አቶ ኦሪን ሲመላለሱበት ከነበረው ቦታ በታች፣ ጎድጓዳው ውስጥ በወደቀ ጥድ ሥር፣ በረዶ ተከምሮበት ተኝቶ ነበር። ከዚያ በቀጥታ ጆሊን ወዳለችበት ወደ አቶ ኦሪን ቤት መጡ፤ ኮፍያቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወጥ ቤት ቆሙ።

«ጆሊን፣ አባትሽ አልሳተም። ከፊት እግሩ ኋላ ነው የመታው፣ ሁለቱንም ሳንባ። አረሩ እዚያው ውስጡ ስለቀረ ነው ደም ያላየው። እንዲህ የተመታ አጋዘን ትንሽ ይሮጥና ይወድቃል፤ ምን እንዳገኘውም አያውቅም። ብዙ አልተሠቃየም።»

«አጎቴ ኤምሪ፣ ይህን አሁን ለኔ ለምን ይነግሩኛል?»

«ታዲያ ለማን ልንገር?» አሉና ወንበር ስበው ተቀምጠው አለቀሱ።

ሚዛኑ ትክክል ነበር። ካሊፐሩ ትክክል ነበር። የሚንቀጠቀጠው እጅ እንኳ በዚያች ሰዓት ትክክል ነበር። ይህን ማወቅ የነበረባቸው አንድ ሰው ብቻ ሳያውቁ ሄዱ፤ እኛም ለዚህ መጽናኛ ፈልገን አላገኘንም፣ አገኘን ብለንም አንዋሽም።

አቶ ኦሪን ከልጃቸው ከጆሊን፣ ከልጅ ልጆቻቸው ከኮርቢንና ከታልያ፣ ከእኅታቸው ከማርጊትና ከወዳጃቸው ከአቶ ኤምሪ ቮስ ተለይተው፣ ዛሬ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሎርና ጎን ያርፋሉ።

በእውነተኛ ሚዛን የሚመዝን አምላክ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል። እኛ በአንድ ቀን ዘግይተን ያላደረስንላቸውን ወሬም፣ ከሁሉ አስቀድሞ፣ ገና በሩ ላይ ሳሉ እርሱ ይንገራቸው።