ፊርማ አሳዳጁ አቶ መዝገቡ ኃይለመለኮት

አቶ መዝገቡ ኃይለመለኮት ከአባታቸው ከአቶ ኃይለመለኮት ወርቁ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልታየሽ ደምሴ በ1943 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ጠመንጃ ጠጋኝ ነበሩ። ጋሼ መዝገቡም የፈረንጅ ፊደል የለዩት አስኳላ ሳይገቡ፣ አባታቸው ከሚያጸዱት አሮጌ የአሜሪካ ጠመንጃ ላይ የሠሪውን ስም በጣታቸው እየተከተሉ ነው። ያ ስም ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም።

ትምህርታቸውን በደሴና በአዲስ አበባ ተከታትለው፣ በ1970 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ተሰደው ለንደን ገቡ። ጡረታ እስኪወጡም አውቶቡስ ነድተዋል። በ1977 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰናይት ተክሌ ጋር በተክሊል ተጋብተው ኤዶምንና ማርቆስን አፍርተዋል። እዚያው ለንደን ውስጥ ከኬኒንግተን ክሮይደን፣ ከክሮይደን አርችዌይ ሲዛወሩ፣ የአንዱ ቤት መጋረጃ ሳይሰቀል ሌላውን ያማርጡ ነበር። እኔ ታናሽ ወንድማቸው ወንድይራድ፣ ተደግፈው ተቀምጠው ሻይ ሲጨርሱ አይቻለሁ ብል ዋሸሁ።

ከሁሉ የባሰው ግን የፊርማው ነገር ነው። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ የድሮ የአሜሪካ ጠመንጃ ሠሪ በእጁ የፈረመበት ደረሰኝ አገኙ። በቃ! ከዚያ ወዲህ የጥንት ጠመንጃ ሠሪዎች የፈረሙባቸውን ደብዳቤዎችና ውሎች ሲያሳድዱ ኖሩ። ጨረታ አለ ከተባለ ክርስትናም ይሁን ሠርግ ጥለው ውልቅ ይሉ ነበር። ሰብስበው ሰብስበው፣ ያ ከአባታቸው ቤት የሚያውቁት ስም ብቻ ጠፋ። "የሰውየውን እጅ ጽሑፍ ሳላይ አልሞትም" ይሉ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ተገኘ። በባቡር ሄደው ራሳቸው አመጡት። እንግዲህ ያርፋሉ ስንል ጭራሽ ባሰባቸው። ወረቀቱ ዛሬ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ነገ ፍራሽ ሥር ሆነ፤ እርጥበት ይበላዋል፣ እሳት ይነሳል እያሉ እንቅልፍ አጡ። ሰናይት አዘኑላቸው። እኛ ዲፕሎማችንንና የቤት ካርታችንን እንደምናደርገው ሁሉ፣ አርችዌይ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው ላሚኔት አስደረጉላቸው።

ወይ ጉድ! በሰብሳቢዎች ዘንድ በትኩስ ፕላስቲክ የታሸገ የጥንት ወረቀት አለቀለት ማለት ነው። ጋሼ መዝገቡ ኮታቸውን አንስተው ወጡ። ሰናይት ሲያለቅሱ ዋሉ። እኛም ትዳሩ ሊፈርስ ነው ብለን በማግሥቱ ሽማግሌ ይዘን ሄድን። በሩን የከፈቱልን ጋሼ መዝገቡ ራሳቸው ናቸው። ፊርማዋ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦባታል። "ከእንግዲህ ምንም አትሆንም" ብለው ሳቁ። ሽማግሌዎቹ የመጡበት ጉዳይ ሳይነሳ ምሳ በልተን ተመለስን።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሆስፒታልም ሆነው ጫማዬን አምጡ እያሉ ነርሶቹን ሲያስቸግሩ ሰንብተው፣ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔንም ወንድማቸውን ትተውን ሄደዋል። አንጀታችን አሯል።

የቀሩትን ወረቀቶች ልጆቻቸው ይዘዋል። ያችን ግን ሰናይት በሚቀበሩበት ኮት ኪስ ውስጥ ከትተዋታል፤ አባቶች ይፍቱን። የለንደን ዝናብ እንደሆነ አያገኛትም።

እግዚአብሔር አምላክ በሕይወታቸው የሸሹትን ዕረፍት ለነፍሳቸው ይስጥልን። ተነስተው እንዳይሄዱም አጥብቆ ይያዝልን። አሜን።