ዩታን ያጎረስኩ ዕለት

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ክረምት ሲገባ እንደሚነሳብሽ አውቃለሁና የሱፍ ካልሲውን አድርጊው፤ ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጥ አይደለም የላክሁልሽ። የሰኔን ጾም እንደያዝሽም አልጠራጠርም፤ ባይሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቆዪ፣ እግዜር ጉልበትሽን ያውቃል፣ አይቀየምሽም። ወንድሜ እንዳሻው ሥራውን እንዴት ይዞታል? ላሟስ ወለደች? እህቴን ሰገንን ጉንፋኑ ለቀቃት? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ልጄ ከሳች ብለሽ እንዳታስቢ፣ ድንችና ዳቦ ጉንጭ አውጥቶልኛል።

በላክሽልኝ ደብዳቤ አጎቴ ጋሽ ገሰሰ ለሰገን ሰበታ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ቦታ እንዳገኙላት ነግረሽኛል። መስከረም ሳይጠባ መልስ ይፈልጋሉ፤ አንቺ ደግሞ ልጄን ከጉያዬ አላወጣም ብለሽ እንቅልፍ አጥተሻል። ከዚያ «አንቺ ተምረሻል፣ አንቺው ፍረጂ» ብለሽ ሸክሙን እኔ ላይ ጣልሽው። እውነቴን ነው እማዬ፣ ብዕር እያነሳሁ መልሼ አስቀመጥኩ።  ኩፍኙ ዓይኗን ከወሰደው ጀምሮ እጇን ሳንይዝ ደጅ አውጥተናት አናውቅም። አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷት የምትጠጣውን ውሃ እንኳ ራሷ ቀድታ አታውቅም። ይቺ ልጅ እንዴት ብላ ከማታውቀው ሰው ጋር ታድራለች፣ እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ።

አሁን ግን ያየሁትን ስሚኝ። ዩኒቨርሲቲያችን የውጭ አገር ተማሪዎችን ቅዳሜና እሁድን ከአገሬው ቤተሰብ ጋር የሚያሳድርበት ልማድ አለው። ለእኔ የደረሱኝ ፍራው ኬፕለር፣ ወይዘሮ ኬፕለር እንደማለት ነው፣ የሚባሉ ባልቴትና ልጃቸው ዩታ ናቸው። ቤታቸው ሽቫንሃይም ነው፣ ከተማው አልቆ ጫካው የሚጀምርበት። ልጄ ፌርማታው ላይ ትቀበልሻለች ብለውኝ ነበር። ከሽትራሰንባኑ፣ ከከተማው ባቡር ማለቴ ነው፣ ስወርድ አርባ ዓመት የሚሆናት ረጅም ሴት ነጭ በትር ይዛ ቆማለች። የሻንጣዬን ጎማ ድምፅ ሰምታ በስሜ ጠራችኝ። ሴትዮዋ አታይም እማዬ። እንግዳ ተቀበይ ተብላ የተላከችው እሷ ናት። ክው ብዬ ቀረሁ።

መንገድ ልንሻገር ስንል ሰገንን የያዝኩ መሰለኝና ክንዷን አፈፍ አድርጌ ጎተትኳት። ቆም አለችና ፈርተሽ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ መኪና የፈራሁ መስሏት ነው። ከዚያ የራሷን ክንድ አስያዘችኝ። የትኛው አጥር ላይ ጽጌረዳ እንዳለ፣ የትኛው ግቢ ውሻ እንዳለበት እየነገረችኝ እየመራች ቤቷ አደረሰችኝ። ዓይናማዋ ተመሪ፣ ዓይነ ስውሯ መሪ ሆነን ስንሄድ ጎረቤታችን እትዬ የወርቅውሃ ቢያዩን ኖሮ ሦስቴ ያማትቡ ነበር።

ምሳውን የሠራችው እሷ ናት። ድንቹን ላጠች፣ ምድጃውን ለኮሰች፣ እንቁላል ቀቀለች፣ ጣቷን ብርጭቆው አፍ ላይ አድርጋ ሳታፈስ ውሃ ቀዳችልኝ። እናትየው ታዲያ ቁጭ ብለው ጋዜጣቸውን ያነባሉ! እኔ ግን አንድ ነገር ቢወድቅ ልቀልብ እጄን ዘርግቼ ከኋላ ከኋላዋ እዞራለሁ። ስትጨርስ ደክሞኝ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ገበታ ላይ ጉድ ሠራሁ። የዚህ ከተማ ሰዎች ከቅጠላ ቅጠል የሚሠሩት አረንጓዴ ስጎ አላቸው። ዩታ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ እጄ ደግሞ ሰገንን ማጉረስ ለምዷል። ሳላስበው ዳቦ ቆርሼ፣ እንቁላሉን ጠቅልዬበት፣ ስጎውን አጥቅሼ፣ በሞቴ ብዬ ከአፏ አደረስኩት። ከንፈሯን ሲነካት ደንግጣ ከነወንበሯ ወደ ኋላ አለች። እናትየው ሹካቸውን አስቀመጡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ጉርሻ የመውደድ ምልክት እንደሆነ፣ አገራችን ለሚወዱት ሰው እንዲህ እንደሚደረግ አስረዳሁ። እስክጨርስ ሰማችኝና ሳቀች፣ አፏንም ከፈተች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛ ጨመርኩላት።

በዚያው ስለ ሰገን አወራኋት። እንዴት እንደምንሳሳላት፣ ሁልጊዜ እኛው እንደምናጎርሳት ነገርኳት። እንድታመሰግነን ጠብቄ ነበር መሰለኝ። እያላመጠች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እሷስ ታጎርሳችኋለች?»

እማዬ፣ ከቤታችን ሰው ከሰገን እጅ የጎረሰ አለ? ትደፋዋለች፣ ልብሷን ታበላሻለች ስንል፣ እሷም የምትወደውን ሰው ማጉረስ ሊያምራት እንደሚችል አንድ ቀን አላሰብንም። 

በማግስቱ ከቁርስ በኋላ ዩታ በትሯን አንስታ ብቻዋን ወደ ጫካው ወጣች። እነዚህ ሰዎች አንጀት የላቸውም እንዴ እያልኩ እናትየውን በልቤ ሳማቸው ነበር። እሳቸው ግን መስኮቱ ጋ ሄደው ቆሙ፤ ልጃቸው መታጠፊያው ጋ እስክትሰወር ድረስ መጋረጃውን ጨምድደው ይዘውት ነበር። በስምንት ዓመቷ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲያስገቧት ለቅሶ ሊገድላቸው እንደነበር፣ ለዕረፍት መጥታ ብቻዬን ካልወጣሁ ስትል ደግሞ እንቢ ማለት እንዳቃታቸው አጫወቱኝ።

«ጫማዬን አውልቄ፣ እንዳትሰማኝ በካልሲ ከኋላዋ እከተላት ነበር፤ በበረዶም ጭምር» አሉኝ። «አሁንም ሥራ ስትሄድ እፈራለሁ። አደራ እንዳትነግሪያት።»

ዩታ በየቀኑ ኒደርራድ የሚባል ሰፈር ድረስ በባቡር ሄዳ ቢሮ ውስጥ በስልክ ሰው የምታነጋግር ሠራተኛ ናት። ሰው እንዲህም ይሆናል ለካ ብዬ፣ ልጅቷንም እናቲቱንም እያየሁ አፌን ይዤ ዋልኩ። ከእኛ ይበልጣሉ ማለቴ አይደለም፤ በሁለት ቀን ውስጥ በራቸውን ያንኳኳ አንድ ጎረቤት አላየሁም፣ በዚህስ ያሳዝናሉ። ግን አንቺና ፍራው ኬፕለር አንድ ዓይነት ሆድ ነው ያላችሁ። እሳቸው እየፈሩ ለቀቋት። ፍረጂ ብለሽኛልና ፍርዴ ትሂድ ነው። አልቅሰሽም፣ ፈርተሽም ቢሆን ትሂድ።

እንዳሻውን በጣም ሳሚልኝ፣ ይህን ሁሉ ሲያነብላችሁ ድምፁ ደክሟል። ጋሽ ገሰሰን እግዜር ይስጥልን በያቸው። እትዬ የወርቅውሃን ለጸሎታቸው አመሰግናለሁ፤ ባል ይስጣት የሚለውን ግን ትንሽ ያቆዩልኝ።

ሰገንን በሰው አፍ ሰላም አልልም፤ አጠገብሽ ተቀምጣ እየሰማችኝ ነውና። ሰገንዬ፣ ጋሽ ገሰሰ ቦታ አግኝተዋል፣ እማዬ አልቅሳለች፣ እኔም ፈርጃለሁ። አንቺን ግን ማናችንም አልጠየቅንሽም። አንቺስ መሄድ ትፈልጊያለሽ? የምትዪውን እንዳሻው ሳይጨምር ሳይቀንስ ይጻፍልኝ።

ልጅሽ ፀደይ

ፍራንክፈርት፣ ሰኔ 15 ቀን 2001 ዓ.ም.