ጥጥ የሚበርበት መታጠፊያ

እማዬ፣ ዓይኔ የራበሽ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ እንዴት ሆነሽ ያገኝሽ ይሆን? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃውን ዛሬም ግድግዳ እየደገፍሽ ነው የምትወጪው ወይስ ቅባቱ ረዳሽ? መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ ያልሽኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። የአባባ ሳል ለቀቀው? ሌሊት ትራስ ደራርቦ ነው የሚተኛው? እሱ መቼም ደህና ነኝ ከማለት ስለማይመለስ እውነቱን አንቺ ጻፊልኝ። ስለ እኔ አታስቢ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ ሰሞኑን ግን ቆሜም ሕልም ሳይ ነው የምውለው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስታነቢ ይገባሻል።

ባለፈው በስልክ ሞተር ሳይክል ገዛሁ ስልሽ ተቆጥተሽ መስመሩ መቋረጡ ደግ ሆነ፤ አሁን በእርጋታ ላውራሽ። የገዛሁት ዋናው መንገድ ዳር አሮጌ ሞተሮችን ደርድሮ ከሚሸጥ ሰውዬ ነው። የሰፈሩ ሰው አፈ ማር ይለዋል። ጠዋት ጠዋት ሞተሮቹን በውሃ እያጠበ ያናግራቸዋል፤ ገዢ ሲመጣ ደግሞ ሞተር መሸጡን ትቶ ልጅ ወደ መዳር ይገባል። የእኔዋን ሲያሳየኝ ኮርቻዋን እየዳበሰ እንዲህ አይነት ጸባየ ሸጋ ከቤቱ ወጥታ እንደማታውቅ ማለልኝ። ቀለሟ ዝናብ ካባራ በኋላ እንደሚታየው ሰማይ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር በቀለሟ ተሸነፍኩ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስማማችሁ መልሳት፣ ከዚያ ወዲያ ግን ፍቺ የለም አለኝ። ተሳስቀን ተጨባበጥን።

የገዛኋት ለሥራዬ ነው። የልብስ እጥበት ቤታችን ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ ሳሙና የምንላት፣ ዳገቱ ላይ ላሉት የእንግዳ ማረፊያዎች ንጹሕ አንሶላ የማድረሱን ሥራ ሰጥታኝ ነበር። እስከ ወሩ መጨረሻ ሳታረፍድ ካደረስክ መንገዱ ያንተ ነው፤ ካረፈድክ ግን ባለ መኪናው ልጅ ደጄ ቆሟል አለችኝ። ይህን መንገድ ካጣሁ ወደ ልብስ መተኮሻው ክፍል ነው የምመለሰው። እዚያ ደግሞ ከእንፋሎቱ የተነሣ ሰው ጓደኛውን በድምፁ ብቻ ነው የሚያውቀው።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ሞተሯ ከቤንዚን ጋኗ ክዳን በኩል ትንሽ ትሸታለች። እኔ ደግሞ የምጭነው ነጭ አንሶላ ነው። እንግዳ ቤንዚን ቤንዚን በሚል አንሶላ ተጠቅልሎ ካደረ ነገ ምን እንደሚባል ይታይሽ። ያኔ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ቤታችን ውስጥ ክዳኑ ላልቶ ያደረ ነገር መቼ ነበር? የዘይቱ ጠርሙስ አፉ ጨርቅ ጎርሶ፣ የስኳሩ ጣሳ በላስቲክ ታስሮ፣ የላምባው ጀሪካን ተጠርቅሞ፣ አባባ ደግሞ ለመክፈት ሲታገል ፊቱ ቀልቶ። ከአሮጌ ጎማ ክብ አድርጌ ቆረጥኩና ከክዳኑ ሥር አስገብቼ ጠረቀምኩት። ሳጠብቀው እጄ የአንቺን እጅ መሰለኝ። ሽታው ጠፋ፣ እኔም ደስ አለኝ።

በማግስቱ አንሶላዬን ጭኜ ዳገቱን ወጣሁ። ጭጋጉ ገና አልተነሣም ነበር። አንድ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ሞተሯ ሁለት ጊዜ ሳል ሳል ብላ ዝም አለች። ቀና ብል በረዶ የሚዘንብ መሰለኝ። ነጭ ነገር ከአጥር ማዶ እየተነሣ በአየር ላይ ይዋኛል፤ አይወድቅም፣ አይሄድም። ኮርቻዋ ላይ አረፈ፣ እጅጌዬ ላይ አረፈ። ጥጥ ነው እማዬ። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ፍራሽ የምትሰፋ ልጅ ያረጀ ፍራሽ ፈትታ ጥጡን በቀጭን ዘንግ እየመታች ታፍታታለች። ዘንጉ ባረፈ ቁጥር ደመና ይነሣል። ሞተሬን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። ጥቂት ቆይቼ ብረግጣት ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ተነሣች።

በሚቀጥለው ቀን እዚያው ቆመች። በሦስተኛውም እዚያው። ከመታጠፊያው ወዲያ በየማረፊያው ደጅ ስለምቆም ይሁን አላውቅም፣ ሌላ ቦታ አታስቸግረኝም። አፈ ማር ዘንድ ወሰድኳት። የእሱ መካኒክ ክዳኗን ከፍቶ ቤንዚኗን አየ፣ ካንዴላዋን ፈትቶ ጠረገ፣ ሲያስነሣት እንደ ንብ ጮኸች። እኔን እንደ ውሸታም አየኝ። ወዲያው ግን ከአየር ማጣሪያዋ ላይ ትንሽ ጥጥ ለቅሞ እንካ በሽታህ አለኝ። አፈ ማርም ከወዲያ ሆኖ፣ ልጄ ጤነኛ ናት፣ የምታውላት ቦታ ነው እንጂ አለኝ።

እኔ ምን ላድርግ፣ ሄጄ ከፍራሽ ሰፊዋ ጋር ተጣላሁ። ጥጥሽ ሞተሬን አነቃት አልኳት። ዘንጓን እንኳ አላስቀመጠችም።

«እኔ ጥጥ ውስጥ ተወልጄ ይኸው እስካሁን አልታነቅሁም» አለችኝ። «ሞተርህ ከእኔ ይልቅ ቅንጦተኛ ናት ማለት ነው።»

በማግስቱ ግን ስደርስ፣ ሰፊ አንሶላ በውሃ ነክራ አጥሩ ላይ ዘርግታለች። በራሪው ጥጥ እርጥቡ ላይ ይለጠፋል፣ ወደ መንገድ አይወጣም። ስለ እኔ ብላ ነው። ሞተሯ ሆዬ እዚያው ቦታ ላይ ሳል ብላ ቆመች። ሁለታችንም ሳቅን። ጥጡ ነጻ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት ብዬ ልንገርሽ? መጠበቅህ ካልቀረ ብላ ከአጥሩ ውስጥ በርጩማ አወጣችልኝ። እሷ ትመታለች፣ እኔ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ የዘንጉን ድምፅ ብቻ እሰማለሁ። አንዳንዴ የአጎቷን ወሬ ታወራኛለች። ሙያውን ያስተማራት እሱ ነው፤ ፍራሽ ሲፈታ የቤቱን ምሥጢር ያወቀ ይመስለዋል፤ የሚያለቅስ ሰው የተኛበት ጥጥ ይከብዳል ይላል አሉ። ስለ አንቺም ነገርኳት፣ ስለ አባባ ሳልም። ጥጥ ሽፋሽፍቷ ላይ አርፎ ሳታውቅ ታወራለች፤ እኔም አልነግራትም። ሌሊት በሕልሜ ክፍሌ ውስጥ የሚዋኝ ጥጥ ነው የማየው፤ ነቅቼም ለጥቂት ጊዜ ይቆያል።

ሕልም ግን አንሶላ አያደርስም። እትዬ ሳሙና አንድ ቀን ደጅ ላይ ጠብቃ፣ እንግዶቹ ፍራሹን ራቁቱን አዩት፣ ነገ ከነገ ወዲያ ወሩ ያልቃል፣ ልብ ግዛ አለችኝ። አፈ ማርም መመለሻው ቀን እየደረሰ ነው ብሎ ላከብኝ። ሞተሯን ብመልስ መንገዱ ይቀርብኛል፤ ባልመልስ በማርፈድ ይቀርብኛል። በማግስቱ በርጩማው ላይ ተቀምጬ ይህንኑ ነገርኳት፤ ነገ ልመልሳት ነው አልኳት። ዘንጓን ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት አስቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ወደ መንገዱ ወጣችና፣ ነገር ለማስቀየስ ያህል ይመስለኛል፣ ለመሆኑ ቤንዚን አላት ብላ ክዳኗን ያዘች። አልዞር አላት። በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ታግላ ስትከፍተው ጋኑ ፍ-ስ-ስ-ስ ብሎ አየር ሳበ። ውሃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ ያለ ሰው ነው የሚመስለው።

ክዳኑን ገልብጣ አየችው። መሃሉ ላይ መርፌ የምታክል ቀዳዳ አለች፤ ቤንዚኑ ሲጎድል አየር የሚገባባት። የእኔ ጎማ ደፍኗታል። ሞተሯ እስከ መታጠፊያው ድረስ ትንፋሿን ይዛ ትወጣና እዚያ ያልቅባታል። ቆማ ስትቆይ በዝግታ አየር ታገኛለች። መካኒኩ ዘንድማ ስንሄድ መጀመሪያ ክዳኗን ስለሚከፍት ጤነኛ ትሆናለች።

«ይህን ጎማ ማን አደረገው?» አለችኝ።

እኔ ነኝ፣ እናቴ እንዲህ ነው ያስተማረችኝ አልኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስትጨርስ ግን ጎማውን መዳፏ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እናትህ ምንም ነገር እንዲያመልጣቸው አይፈልጉም ማለት ነው» አለች። ስትለው ቀስ ብላ ነው።

በማግስቱ ያለ ጎማው፣ አንሶላውን ከሽታው በፕላስቲክ ጠቅልዬ ወጣሁ። መታጠፊያው መጣ፣ ጥጡ ሲነሣ ታየኝ፣ ሞተሯ ግን አልሳለችም። እንደ ሕልም አልፌ ሄድኩ። አንሶላውን ገና ጠዋት ሳይሞቅ አደረስኩ፣ እትዬ ሳሙና ሰዓቷን ሁለት ጊዜ አየችና ያለፈውን ትቼልሃለሁ አለችኝ። ወሩ አለቀ፣ መንገዱ የእኔ ሆነ፣ ሞተሯም አልተመለሰችም። ሁሉም እንደፈለግሁት ሆኖ ሳለ፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ጥዬ የመጣሁ ይመስለኝ ነበር። ኪሴን ስዳብስ ዋልኩ።

ከትናንት ወዲያ ሥራዬን ጨርሼ ስመለስ መታጠፊያው ላይ ደረስኩና ቁልፉን ራሴ አጠፋሁት። ፍራሽ ሰፊዋ ቀና አላለችም።

«ዛሬስ ምን ሆነች?» አለችኝ።

ሞተሯ ምንም አልሆነችም፣ የቆምኩት እኔ ነኝ አልኳት። ዘንጉ ቆመ። ጥጡ ግን ወዲያው አይወድቅም፣ ታውቂያለሽ፤ በመሃላችን ብዙ ቆየ። ከአጥሩ ውስጥ በርጩማውን አወጣችና አጠገቧ አስቀመጠችው። ከተቀመጥኩ በኋላ ለእናትህ ጽፈህ ፈቃዳቸውን ጠይቅ አለችኝ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ እጄ ምን እንደሚሠራ፣ ሳትደብቅ ንገራቸው አለች። ይኸው ሳልደብቅ ጽፌልሻለሁ። አባቷም እናቷም የሉም፣ ያሳደጋት አጎቷ ነው፣ እሱም አባባን ጋሼ እያለ ሰላምታ ልኮለታል። መልስሽን እንደ ዝናብ ነው የምጠብቀው።

ጎማውን ለእናትህ ላክላቸው ያለችው እሷ ናት፤ እዚሁ ወረቀት ውስጥ ታገኝዋለሽ። የተጠቀለለበት ጥጥም የእሷ ነው። ለአባባ ትራስ ሊበቃ የሚችል ጥጥ ደግሞ ለብቻው እያፍታታች ነው፤ ማን ሊያለቅስበት ነው ብሎ አጎቷ ስቆብኛል። ጎማውን ግን እማዬ፣ አደራሽን፣ የትኛውም ክዳን ሥር እንዳታደርጊው። ትራስሽ ሥር አድርጊው።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ለታላቅ እህቴ ለእትዬ፣ ለባሏም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ያቺን እንቅልፍ ጠላቷ የሆነ ሕፃናቸውንም ጉንጯን ቆንጥጪልኝ። ለታናሼ ለቁንጥንጡ፣ ሲመጣ ሞተሯ ላይ እንደማወጣው ንገሪው፤ አንቺ ሳትሰሚ ግን። ለአክስቴ፣ ጓዳዋ ውስጥ ሆና ይህን ሲነበብ ጆሮዋን እንደምትጥል ስለማውቅ፣ አዎ፣ ቆንጆ ናት በያት።

የሚወድሽ ልጅሽ፣
ከመስኮቷ በታች ሰማያዊ ሞተር ከቆመባት ጠባብ ክፍሌ፣
ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ።